መዳፍ ላይ የፈሰሰው

በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ላይ የበር እጀታ ሁሉ በጨርቅ የተጠቀለለ ነበር። የባንኩም፣ የሱቁም፣ የመስጊዱም፣ የቤተ ክርስቲያኑም። ከማዘጋጃ ቤት የሚመጣ ሰው በየሰፈሩ እየዞረ ጨርቁን ይፈትሻል፤ የላላ ካገኘ ይቆጣል፣ የሌለ ካገኘ ይቀጣል። ኤልዳና ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ የራሷን በር ዞር ብላም አታየው። የጎረቤቷን የሲሃምን በር ስታልፍ ግን ሁልጊዜ ቆም ትላለች። ጨርቁን የጠቀለለችው ራሷ ናት፤ ላልቶ እንደሆነ በጣቷ ነካ አድርጋ፣ ጠበቅ አድርጋ ትሄዳለች። አታንኳኳም። ማንኳኳት ካቆመች ቆይታለች።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ሻይ ቤት ለብታ ብቻ ይሸጣል። ሻይ ለብ ያለ፣ ሾርባ ለብ ያለ፣ ውሃ ለብ ያለ። በከተማው ኩባያ ሦስት ዓይነት ነው፦ ትኩስ የያዘ ቀይ፣ ለብ ያለ የያዘ አረንጓዴ፣ ቀዝቃዛ የያዘ ሰማያዊ። ቀዩንና ሰማያዊውን ሻይ ቤት ማቅረብ ክልክል ነው። ግድግዳው ላይ በትልቁ «ጣትህን አትመን፣ ቀለሙን እመን» የሚል ተለጥፏል። ከሥሩ ደግሞ አንድ ቀልደኛ በከሰል «ሚስትህንስ?» ብሎ ጽፎበታል። ከተማው ታመመ እንጂ ቀልዱን አልተወም፤ ድሬ ናት።

ይሄ ሁሉ የመጣው ከዓሣ ነው። ሥጋ የሠርግና የበዓል ብቻ ከሆነ ወዲህ አገሩ በባቡር የሚመጣ የባሕር ዓሣ ይበላል። ባሕሩ ደግሞ ሞቀ፣ ሞቀና ቀላ፣ ከቀላ በኋላ ዓሣው መርዝ ይዞ መምጣት ጀመረ። መርዙ አይሸትም፣ አይመርም፣ ቢቀቀል አይሞት፣ ቢጠበስ አይሞት። የበላ ሰው ሁለት ሦስት ቀን ሆዱን ያመውና ይሻለዋል፤ ተመስገን ብሎ ፊቱን ሊታጠብ ውሃ ሲነካ ግን ፍም የጨበጠ ያህል ይጮኻል። ቀዝቃዛው ያቃጥለዋል፣ የፈላው ይበርደዋል፤ የበር እጀታው ብረት እንኳ ይፈጀዋል። በመጀመሪያው ዓመት ስንቱ ነው የፈላ ሻይ እንደ በረዶ ጭልጥ አድርጎ ጉሮሮውን የተላጠው! ሐኪሞች ረጅም ስም አወጡለት። ሕዝቡ ግን ግልቢጦሽ አለው፣ በዚያው ቀረ።

እንግዲህ አስቡት፤ ድሬ ላይ ነው ይሄ። ከአራት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ጎዳና ላይ ሰው እንዳይታይ ሳይረን የሚነፋበት ከተማ፣ ሰዉ ቀኑን ተኝቶ በጠዋትና በማታ የሚሠራበት ከተማ፣ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ የሰጠህን ሰው ዕድሜ ልክህን የምትመርቅበት ከተማ። እዚያ ተቀምጦ ቀዝቃዛ ውሃ እሳት ሲሆንብህ። አቦ፣ ይሄስ ግፍ ነው።

ሲሃምን ግልቢጦሹ የያዛት በኤልዳና ቤት ነው።

ሁለቱ አብረው ነው ያደጉት፤ አንድ አጥር፣ አንድ ቧንቧ። ባል አግብተው፣ ወልደው፣ ባል ቀብረው እንኳ ከዚያ አጥር አልራቁም። አንዲት ነገር ብቻ ነበረች የምትለያቸው፤ ሥጋ። ሲሃም የኤልዳናን ቤት ሥጋ አትበላም፣ ኤልዳናም የሲሃምን። በበዓል ቀን ሁልጊዜ ለጎረቤት የተለየ ሳህን፣ የተለየ ድስት። ዓሣ ሲመጣ ግን ይሄ ቀረ። ዓሣ የማንም አይደለም። ሁለቱ ሴቶች በስተርጅና ባንድ ሳህን መብላት ጀመሩ፤ በጣም ደስ ይላቸው ነበር፣ ለሚያገኙት ሰው ሁሉ ያወሩት ነበር።

አንድ ቀን ኤልዳና ትልቅ ዓሣ ገዝታ ሠራች። ጉበቱን ለብቻው በቃሪያ ጠበሰችው። ከሳህኑ ሁሉ ምርጡ እሱ ነው፤ አገላብጣ ጠቅልላ ለሲሃም አጎረሰቻት። «አንዴ ብቻ ጎርሼ ልጣላሽ ነው?» ብላ ሲሃም ሌላ አስጨመረች። ጉበቱን ጨርሳ በላችው። መርዙ ጉበት ውስጥ እንደሚከማች ያን ጊዜ ማንም አያውቅም ነበር። ኤልዳና ምንም አልሆነችም። ሲሃም በሦስተኛው ቀን ፊቷን ልትታጠብ ገብታ ጮኸች።

ኤልዳና ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበራትም። ሙያዋ ጥልፍ ነው፤ እጇ አይንቀጠቀጥም፣ ዓይኗም ገና ደህና ነው። ደቻቱ ወንዝ ማዶ አዲስ የተከፈተው ማበጃ እጁ የረጋ ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰምታ ሄዳ ተቀጠረች። ማበጃው የባሕሩን መርዝ ከባሕሩ ሳይሆን ከጠርሙስ፣ ከምንም ተነስቶ የሚሠራ ቤት ነው። ለምን ይሠሩታል ላለ መልሱ አጭር ነው፦ መድኃኒት ለማግኘት። መድኃኒቱ መርዙን ማሸነፉን ለማወቅ መርዙ በእጅ መኖር አለበት። ከዓሣ እናውጣው ቢባል ባቡር ሙሉ ዓሣ ተፈጭቶ የምትገኘው የጨው ቅንጣት አታክልም። ስለዚህ ይሠሩታል። ኤልዳና ይሄ ገባትና ተቀጠረች። ሰፈሩ ግን የገባው ሌላ ነው።

«ጉበቱን አጉርሳ መረዘቻት፤ ቀጥላ መርዝ ቤት ገባች» አለ ሰፈሩ። ሰው እንዲህ ሲል ደግሞ ፊት ለፊት አይልም። ቤትህ መጥቶ የቀረበለትን ይዞ ይቀመጣል፣ ያወራል፣ ይስቃል፣ ሳይጠጣ ይሄዳል። ሲሃም ግን ፊት ለፊት ነው ያለቻት።

«ኤልዱ፣ አልዋሽሽም። ከእጅሽ ስቀበል ሆዴ ይፈራል» አለቻት አንድ ቀን፣ ለብ ያለውን ጭማቂ ይዛ።

ኤልዳና አልተቆጣችም። ግራ መዳፏን ጎድጎድ አድርጋ፣ ከራሷ ከሲሃም ኩባያ ጠብ አድርጋ፣ ፉት አለችው። በድሮ ጊዜ ትልቅ ሰው ፊት መጠጥ የሚያቀርብ አሳላፊ እንዲህ ያደርግ ነበር ይባላል፤ ከመዳፉ ቀምሶ፣ መርዝ እንደሌለው አሳይቶ። ሲሃም አየቻት፣ ጠጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ኤልዳና ለማንም ሰው ምንም ነገር ስትሰጥ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ አልሰጠችም። ለእንግዳ፣ ለቧንቧ ሠራተኛ፣ ለለማኝ። ዓመት አለፈና ልማድ ሆነ። እጇ ኩባያ ሲያጋድል ግራ መዳፏ ራሱ ይዘረጋል፤ አታስበውም። ያም ሆኖ ሲሃም በኋላ በኋላ ቅምሻውም አላሳመናት፣ መምጣቷን ተወች። በሩ ተዘጋ። ኤልዳናም እጀታው ላይ ያለውን ጨርቅ ብቻ ጠበቅ እያደረገች ማለፍ ያዘች።

ማበጃው ውስጥ ሥራው አሰልቺ ነው። መርዙ ማለት ቀለበት ከቀለበት ጎን ተጣብቆ የተደረደረበት ረጅም ነገር ነው ይላሉ፤ ኤልዳና በዓይኗ አላየችውም፣ ማንም በዓይኑ አላየውም። ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ሲሠሩ ዓመታት ፈጁ። አሁን የቀረችው የመጨረሻዋ ናት፤ እሷ ከተዘጋች መርዙ ሙሉ ነው፣ ካልተዘጋች የዓመታቱ ድካም የቆሻሻ ውሃ ነው። የክፍሉ አለቃ ዶክተር ናሆም የሚባል ከደብረ ማርቆስ የመጣ ወጣት ነው። የድሬ ልጅ አንቱታ አታውቅም፤ አባቷንም «አንተ» እያለች ነው የምታድገው። ናሆም ግን ለጽዳት ሠራተኛው ሁሉ «እርስዎ» ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ያሾፈበት መስሎት ይቀየመው ነበር።

«እትዬ ኤልዳና፣ ቀለበት የሚሆነው ይሄ ክር ጭንቅላትና ጅራት አለው» ብሎ ነበር ያስረዳት። «ጭንቅላቱ የራሱን ጅራት እንዲይዝ ነው የምንፈልገው። ካጨናነቅናቸው አንዱ የሌላውን ጅራት ይይዛል፣ ተያይዘው ተቋጥረው ይቀራሉ። ስለዚህ በሰፊ ውሃ ውስጥ፣ አንዲት ጠብታ፣ ቆይቶ ደግሞ አንዲት ጠብታ።»

«እኔ እንዲህ ሰስቼ ቀድቼ አላውቅም» አለችው። «እናቴ ብታየኝ ታፍርብኝ ነበር።»

«እንግዳ እንደሚጠሉ ሆነው ይቅዱ።»

በኋላ የክፍሉ መፈክር ሆነ፤ ማንም ጠርሙስ ሲያነሳ ሌላው «እንግዳ ጥላ!» ይለዋል።

ጠብታውን የሚያወርደው መሣሪያ ነበር። ታዲያ ማውረድ በተጀመረ በሁለተኛው ቀን ጠዋት መብራት ሄደ። ሰው ጨረቃ ላይ ቤት ሠርቶ ልጅ ወልዷል፣ የድሬ መብራት ግን ዛሬም ይሄዳል። መጠባበቂያው ማቀዝቀዣውን ያዘ፣ ጠብታ አውራጁን ለመያዝ ግን አቅም አጣ። ናሆም ፊቱ ነጣ። ሥራው አንዴ ከቆመ አይቀጥልም። ኤልዳና ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ቀጭኗን የመስታወት ቱቦ በጣቷ ያዘች፣ ማውረድ ጀመረች። አንዲት ጠብታ። ትንፋሽ። አንዲት ጠብታ። ሲደክማት ናሆም ይቀበላታል፣ ሲደክመው ትቀበለዋለች። ሳይረኑ ተነፋ፣ ከተማው ተኛ፣ እነሱ ያወርዳሉ። ክፍሉ እየሞቀ መጣ። ኤልዳና ስለ ሲሃም ታስብ ነበር፤ አሁን በዚህ ሙቀት መስኮት ዘግታ፣ ማራገቢያ አጥፍታ፣ ምክንያቱም ነፋስ ያቃጥላታል፣ በገዛ ላቧ እየተቃጠለች እንደተኛች ታውቃለች። እጇ ግን አልተንቀጠቀጠም።

መብራት የመጣው አመሻሽ ላይ ነው። የጨረሱት ግን በእጃቸው ነበር። ውጤቱ በማግስቱ ወጣ። ናሆም ሰሌዳውን አየ፣ እንደገና አየ፣ ከዚያ መሬቱ ላይ ዝርግፍ ብሎ ተቀመጠ።

«ምነው? ተበላሸ?» አለች ኤልዳና።

«ተዘጋች» አለ። «እትዬ ኤልዳና፣ ተዘግታለች!» እንባው ይወርዳል። «መርዝ ሠራን! እሰይ! መርዝ ሠራን!»

እንዲህ ያለ እልልታ ሌላ ቦታ አይሰማም መቼም።

መድኃኒቱ ክረምትና በጋ ፈጅቶ በግንቦት መጣ፣ ያውም ሙቀቱ ሰው በሚጥልበት ጊዜ። በየቤቱ በተራ ይታደላል። ለአንድ በሽተኛ አንዲት ብልቃጥ፤ የጥፍር ቀለም ብልቃጥ ታክላለች፣ ውስጧ እንደ ማር የሚሳብ ነገር። ሕጉ ጥብቅ ነው፦ ከተከፈተች ሳትደርቅ ሙሉዋን ምላስ ሥር፣ አንዲት ጠብታ ሳትጎድል። የጎደለበት ሰው ምንም እንዳልተሰጠው ይቆጠራል፤ ሁለተኛ ዕድል የሚመጣው ሙቀቱ ካለፈ በኋላ ነው። ሲሃም ደግሞ ሙቀቱን እንደማታልፈው ሐኪሙ ለልጇ ለሂባ በግልጽ ነግሯታል። ሰውነቷ ግሏል፤ ማቀዝቀዝ አይቻልም፣ ውሃ ሲያስነኳት ትጮኻለች፣ ማራገቢያ ሲከፍቱባት ትጮኻለች።

የሲሃም ተራ ደረሰ። መድኃኒቱን የምታድለው ነርስ መጣች። ሲሃም «ከመርዝ ቤት የወጣ አልውጥም» ብላ ወደ ግድግዳ ዞረች። ነርሷ ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፣ በመጨረሻ ብልቃጧን ለሂባ ሰጥታ «እስከ ማታ ካልወሰደች እመልሳታለሁ፣ ወረፋ የሚጠብቅ ብዙ ነው» ብላ ሄደች። ሂባ ባቡር ጣቢያ የምትሠራ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ማልቀስ አታውቅም ይሏታል። ያን ዕለት ብልቃጧን በመሐረብ ይዛ፣ አልቅሳ ኤልዳና በር ላይ ቆመች።

«አክስቴ ኤልዱ፣ እባክሽ። አንቺ አነጋግሪያት።»

«እኔን? እኔንማ ስታይ ጭራሽ እምቢ ትላለች።»

«ትሞታለች እኮ። አንቺን ብትሰድብሽ ምን አለበት?»

እውነት ነው፣ ምን አለበት። ኤልዳና ነጠላዋን ጣል አድርጋ ተነሳች። የሲሃምን በር በጨርቁ ይዛ ከፈተች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ክፍሉ ጨለማ ነው፣ አየሩ የሚታፈስ ይመስላል። መስኮቱ ተዘግቷል፣ መጋረጃው ወርዷል። ሲሃም አልጋው ላይ ናት፣ ድሮ ሞልታ የምትራመደው ሴትዮ አንድ እፍኝ ሆናለች። ኤልዳና አልጋው ጫፍ ድረስ ቀረበች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«መርዛሟ?»

«እሷው።»

ሲሃም በዚያ ድካሟ ፈገግ አለች። «አላረጀሽም። ቀናሁብሽ።»

«አርጅቻለሁ፣ መጋረጃሽን ግለጪና እዪ።»

«አልገልጥም፣ ይነፍስብኛል። ሂባ ናት የላከችሽ። ወላሂ ኤልዱ፣ ካንቺ ጋር ጠብ የለኝም። ሰው ያለውን አላልኩም ብልሽ ግን ውሸት ነው፤ ብያለሁ። ጉበቱን ያጎረሰችኝ ሴትዮ ሄዳ መርዝ ቤት ተቀጠረች፤ አሁን ደግሞ ከዚያው ቤት መድኃኒት መጣልሽ ይሉኛል። አንቺ ብትሆኚ ትጠጪ ነበር?»

ኤልዳና ይሄን ሁሉ ዓመት ያልተቆጣችውን ቁጣ ያን ጊዜ ተቆጣች። «አዎ፣ መርዝ ነው የሠራሁት! በዚህ በእጄ ነው የሠራሁት! መብራት ሄዶ እንኳ ቀኑን ሙሉ በጠብታ ሠርቼዋለሁ! ለማን ብዬ መሰለሽ? ጥልፌን ትቼ፣ ሰፈሩ ውሃ እንኳ ከቤቴ አልጠጣ ሲል፣ ለደመወዙ ነው? መርዙ ካልተሠራ መድኃኒቱ አይገኝም አሉኝ፤ እሠራዋለሁ አልኩ። ያጎረስኩሽን ማውጣት አልቻልኩም። ሌላ ምን ላድርግ? ንገሪኛ! ምርጡ እሱ ነበር እኮ። ከሳህኑ ሁሉ ምርጡን ነው የሰጠሁሽ።»

ሂባ በሩ ላይ ቆማ ትንፋሿን ይዛለች። 

«ጣፍጦ ነበር ደግሞ» አለች ሲሃም። «ቃሪያው በዝቶ ነበር እንጂ።»

«አልበዛም።»

«በዝቶ ነበር።» ዓይኗን ጨፈነች። «እሺ። ስጪኝ። አንቺው ስጪኝ፣ ሂባ ትደነግጣለች።»

ኤልዳና ብልቃጧን ተቀበለች። እጇ እንደ ሥራ ቦታዋ ጸጥ ያለ ነበር። ክዳኗን ጠመዘዘች፣ ጠቅ አለች። ሲሃም አፏን ከፈተች። ኤልዳና ብልቃጧን አጋደለች፤ ግራ መዳፏ ደግሞ ማንም ሳያዘው ተዘረጋ።

ጠብ አለ። ከዚያ ሌላ ጠብ። ወፍራሙ ነገር መዳፏ ላይ ተንጣልሎ ቁጭ አለ። እጇን ወደ አፏ ስታነሳ ነው የነቃችው።

«አክስቴ!» አለች ሂባ፣ የታፈነ ጩኸት።

ኤልዳና እንደ ድንጋይ ቀረች። አንዲት ጠብታ ሳትጎድል ተብሏል። ሁለት ጎደለ። ይኸው መዳፏ ላይ፣ ወፍራም፣ የሚጣበቅ፤ ወደ ብልቃጡ ልመልሰው ቢሉት አይመለስ፣ ብታዘገይ ይደርቃል። አልወረወረችውም፣ አልጠረገችውም፣ አላለቀሰችም። መዳፏን ጎድጎድ አድርጋ ይዛ ብቻ ቆመች። በሕይወቷ ለጎዳቻት ለአንዲቷ ሰው ያመጣችላትን ነገር በገዛ እጇ አፈሰሰችው፤ ሌላ የምታስበው አልነበራትም።

ሲሃም ግን የተንጣለለውን አይደለም ያየችው። ወደ አፏ የተነሳውን እጅ ነው ያየችው።

«ልትቀምሺልኝ ነበር?» አለች።

«አላወቅሁም፣ ሲሃምዬ። እጄ ነው። ሳላስበው ነው።»

«ሳታስቢው?» ሲሃም በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች፣ አንድ እፍኝ የቀረችውን ሴትዮ ማን እንዳነሳት አላህ ይወቅ። «እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግሁሽ? ሳታስቢው እስኪሆን ድረስ?»

መልስ አልጠበቀችም። የኤልዳናን እጅ አንጓ ላይ ለቀም አድርጋ ያዘች፣ ወደ ራሷ ሳበች፣ ጎንበስ አለች። መርዝ የሠራውን መዳፍ ላሰችው። የኤልዳና እጅ ከሲሃም ምላስ ቀዝቀዝ ይላል፤ ስለዚህ ያቃጥላታል፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ አልለቀቀችም። የመዳፏን መስመር፣ የጣቶቿን ሥር፣ ልጅ የሽሮ ሳህን እንደሚልስ አንድ ሳታስቀር ላሰችው። ከዚያ ቀና ብላ አፏን ከፈተች። ኤልዳና የቀረውን አፈሰሰችላት፣ ብልቃጧን እስከ መጨረሻው ዘቅዝቃ ያዘችላት።

«መረረሽ?» አለች ሂባ ከበሩ፣ ሌላ የምትለው ጠፍቷት።

ሲሃም አፏን ዘግታ ምላሷ ሥር ይዛዋለችና መናገር አልቻለችም። በእጇ ብቻ፣ ቃሪያው በዝቷል የምትል ዓይነት ምልክት አደረገች። ሂባ ሳቀች፣ ስትስቅ ደግሞ አለቀሰች።

መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው ነገ ነው። ኤልዳና ወደ ቤቷ ተመለሰች። ጎደለ ወይስ አልጎደለም? ጣቷ ላይ የደረቀ ቀርቶ ይሆን? መብራት አብርታ መዳፏን አገላብጣ አየችው። ሥራዋ ጠብታ ማውረድ ነው፤ ሰስተሽ ቅጂ ተብላ ተምራለች፣ አንዲት ጠብታ ምን እንደምታበላሽ ታውቃለች። አልጋዋ ላይ ተኝታ ፈጣሪዋን ለመነች፤ ሌላ ሰው መለመን የምትችልበት ጉዳይ አልነበረም።

ጠዋት ሳይረኑ ሳይነፋ ወጣች። የሲሃም በር ጋ ደርሳ እንደ ልማዷ ጨርቁን ልትነካ እጇን ሰነዘረች። ጨርቁ የለም።

እጀታው ባዶ ብረት ነው። ጨርቁ ተፈትቶ መሬት ላይ ወድቋል። ኤልዳና ልቧ ቀጥ አለ። በሽተኛ ካለበት ቤት በር ጨርቅ የሚፈታው በሽተኛው ሲሞት ብቻ ነው፣ ማዘጋጃ ቤትም ለዚያ አይቀጣም፤ ነገሩ እንዲህ ሆኖ ነው የቆየው፣ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ምልክት ነው። «ወይ ሲሃምዬ» አለች፣ ግድግዳውን ያዘች።

በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ሲሃም ቆማለች። ፀጉሯ ተበትኗል፣ ቀሚሷ ገልበጥ ብሎ ተለብሷል፣ አንድ እጇ ባዶውን ብረት ግጥም አድርጎ ጨብጧል።

«ጠዋት ተነስቼ ነካሁት» አለች። «ምንም አላለኝም። ብረት ነው አልኩ። ጨርቁን ምን ያደርግልኛል ብዬ ፈታሁት።»

«አንቺ! ሞተሽ ነው ብዬ እኮ! እዚሁ ልወድቅ ነበር እኮ! ጨርቅ እንዲህ ይፈታል እንዴ!» ኤልዳና ትቆጣለች፣ ትስማታለች፣ ትቆጣለች። ሲሃም እየሳቀች ተወቻት፤ የድሮ ሳቋ ነው፣ ከሆዷ።

«ጨረስሽ?» አለቻት። «ከጨረስሽ ውሃ አምጪልኝ። ሰማያዊውን።»

ሂባ ከኋላ «እማ፣ ቀስ በይ፣ መጀመሪያ ለብ ያለ» ስትል ማንም አልሰማትም። ኤልዳና ወደ ቤቷ ሮጠች፤ በዚያ ዕድሜዋ ሮጠች። ሰማያዊው ኩባያ ከስንት ዓመት በፊት ነው ቁም ሣጥን ሥር የተቀበረው፤ አቧራውን አጥባ፣ ከማቀዝቀዣው ቀድታ፣ በረዶ ጨምራ፣ እያፈሰሰች መጣች። ሲሃም በሩ ላይ ያለው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

ኤልዳና ኩባያውን ልታቀብላት አጋደል አደረገችው። ግራ መዳፏ ተዘረጋ።

ሲሃም ያን መዳፍ በእጇ ሸፈነችው። «ተይ» አለች። «ለኔ የመጣ ነው፣ ሙሉውን ስጪኝ።»

ተቀበለች። አንዴ ፉት ብላ ቆመች። ዓይኗ ፈጠጠ፣ ከንፈሯ ተጨማደደ፣ ጉንጯን ያዘች።

«ምነው? አቃጠለሽ?» አለች ኤልዳና፣ ኩባያውን ልትነጥቃት እጇን ዘርግታ።

ሲሃም ራሷን ነቀነቀች። 

«ጥርሴን» አለች። «ጥርሴን ጠዘጠዘኝ። ኤልዱ፣ ከብርዱ! ይበርዳል እኮ! ይበርዳል!»

ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው፣ በረዶውን ጭምር ቆረጠመችው፣ ውሃው በአገጯ ወርዶ አንገቷ ውስጥ ገባ፣ ያም በረዳት፣ ያም አስጮሃት። መንገድ ላይ ወደ ሥራ የሚያልፈው ሰው ቆሞ አየ። አንዳንዱ የተፈታውን ጨርቅ አይቶ፣ ሲሃምን አይቶ፣ እንደገና ጨርቁን አየ። ሲሃም ማንንም አላየችም። ባዶውን ኩባያ ለኤልዳና ዘረጋች።

«ጨምሪልኝ» አለች። መልሳ ደግሞ ሳበችው። «ቆይ፣ በሌላ አምጪልኝ፤ ይሄን አልሰጥሽም።»

ኤልዳና ሌላ ውሃ እስክታመጣላት ድረስ፣ ሲሃም ሰማያዊውን ኩባያ ጉንጯ ላይ አስደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ደረጃው ላይ ጠበቀቻት።